አባቴ ሻይ የቀዳላቸው ሰዎች

አባቴን አንቱ፣ እናቴን አንቺ እያልን ነው ያደግነው። እናቴም አባቴን አንቱ ነው የምትለው፤ ከአርባ ዓመት በላይ አብራው ኖራ፣ አራት ልጅ ወልዳለት፣ ዛሬም አንቱ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አንባቢ «ባለጌ ናት» ቢለኝ ይበለኝ። «እሳቸው» ብዬ ለመጀመር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ እጄ አልሄድ አለኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም።

አባቴ ሻይ ቀማሽ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ግን የእውነት ሥራ ነው። ከጎሬ ወዲያ፣ ዝናብ በማይጠፋበት አገር፣ የመንግሥት የሻይ እርሻ ነበር። እኔም የተወለድኩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ለቃሚዎቹ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየቀነጠሱ ቅርጫታቸውን ይሞላሉ። ፋብሪካው ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ያሻል፣ ያደርቃል። በመጨረሻ ነጭ ካፖርት የለበሰው አባቴ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ነጭ ስኒዎች ፊት ይቆማል። በማንኪያ ይጨልፍና ከነአየሩ በኃይል ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ባልዲ ውስጥ ይተፋዋል፣ ከዚያ አንድ ቃል ይናገራል። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ካሠለጠኑት ሰዎች የወረሰው። ብራይት። ብሪስክ። ዳል። ፍላት። ፊተኞቹ ሁለቱ ሕያው ለሆነ ሻይ፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ለሞተ ሻይ ናቸው። ሌላ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ግን ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

ማታ ካፖርቱን ፋብሪካ ሰቅሎ ይመጣል፤ አፉን ግን ይዞት ይመጣል። እናቴ ሻይ ቀድታ ታቀርብለታለች። ይስባል፣ ያንከባልላል፣ ከወንበሩ ሥር ባስቀመጣት ጣሳ ውስጥ ይተፋል። «ፍላት» ይላል። እናቴ ብርጭቆውን አንስታ ትመለሳለች፤ እንደገና ታፈላለች። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ። ታናሽ ወንድሜ አፉን ሲፈታ ቃሉ የእናቴ ስም መስሎት «ፍላት!» ብሎ ጠራት። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

እሷ ደግሞ የምትወደው ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ነበር። በእኛ ቤት ክልክል ነው። «ቅመም የተበላሸ ቅጠል መሸፈኛ ነው» ይላል አባቴ። ስለዚህ ጎረቤት ቤት ሄዳ ትጠጣለች፤ ሌላው ሰው አረቄ ተደብቆ እንደሚጠጣው። ስትመለስ አፏን በውሃ ትጉመጠመጣለች። በሰባት ዓመቴ አይቻታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ትልቅ ሰው መሆን ነበረብኝ።

በዲቪ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። ዜግነት ሳገኝ ሁለቱንም አስመጣኋቸው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2012 ነበር። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ከምግብ ቤቶቹ አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሦስታችን ኖርን። እናቴ ወዲያው ለመደች። ቤተ ክርስቲያን አገኘች፣ የጸሎት እኅቶች አገኘች፣ ጉልበቷ ቢያማትም የትም በእግሯ ትሄዳለች። አባቴ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያረጅ ጀመር። በክር የተንጠለጠለውን የከረጢት ሻይ ሳቀርብለት እንደ ሞተ አይጥ በጭራው ያንጠለጥለውና «ይሄ ጥራጊ ነው» ይለኛል። ጣሳውንም አመጣት። እውነቴን ነው፤ በሃያ ሦስት ኪሎው ሻንጣ ውስጥ የሚተፋባትን ጣሳ ጠቅልሎ መጣ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ በራሴ የምናደደው።

ፓሳዴና ባለ ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ነኝ። ዳሌዋን የተቀየረች አንዲት አሮጊት ነበረችኝ፤ ወላጆቿ ጃፓኖች፣ እሷ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ጡረታ የወጣች የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ። እግሯን ሳጥፍና ስዘረጋ እንዳትጮህ ወሬ እጠይቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ሻይ እንደምታስተምር ነገረችኝ።

«ያ በትንሽ መጥረጊያ የሚመቱት አረንጓዴ ዱቄት ነው?» አልኳት።

ተቆጣች። «ያ ሌላ ነው! ሁሉም ሰው ያንን ነው የሚለው። የእኛ ሴንቻ ነው። ቅጠሉ አይፈጭም፤ እንዳለ በትንሽ በራድ ውስጥ ገብቶ ሞቅ ባለ ውሃ ይወጣል።»

ከዚያ ስለ አንድ መነኩሴ አወራችኝ። ድሮ፣ በስተርጅናው ገዳሙን ትቶ የሻይ ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ መንገድ ዳር የወጣ ሰው ነው። ጌታም ቢያልፍ ተሸካሚም ቢያልፍ እኩል ይቀዳል፤ የሚከፍል ይክፈል፣ የሌለው በነፃ ይጠጣ ይል ነበር። መሸከም ሲያቅተው ዕቃ መሸከሚያውን አቃጠለው፤ ከሱ በኋላ ኩራተኞች እጅ እንዳይገባ ብሎ። የሴንቻ መንፈስ ይሄ ነው አለችኝ። አስተናጋጁ ራሱ ያጎነብሳል። ከእንግዳ እንግዳ አይበልጥም።

እኔም፣ ሞኝ፣ «አባቴ ሻይ ቀማሽ ነበር» አልኳት።

«አምጪው» አለች።

አመጣሁት። ቤቷ ክሬንሾው ውስጥ፣ የተከረከመ ጥድ ያለበት ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ነው። የእንቁላል ቅርፊት የምታህል ስኒ ፊቱ ስታስቀምጥለት ወደ እኔ ዞሮ «ሻዩ የት አለ?» አለኝ። ከሥሩ ያሉት ሦስት ጠብታዎች ነበሩ። ሳባቸው፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። አንከባለለና ዓይኑ ባልዲ ፍለጋ መሬት መሬቱን ተንከራተተ።

አስተማሪዋ ገባት። «እዚህ የሚተፋበት የለም። ዋጠው በይው።»

ነገርኩት፤ ዋጠው። በመኪና ወደ ቤት ተመለስን። ፓርክ ሳደርግ «ብራይት» አለ፣ ለራሱ። «ብራይት። ባሕርም አለበት፣ ሣርም አለበት።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኔ በፊት ለብሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ድራይቭ አደረግኩት። በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መካድ አልችልም። በአርባ የሻይ ቃላት ከሴትዮዋ ጋር መግባባት ጀመረ። ጀርባው ቀና አለ። ጀማሪዎች ሲሳሳቱ በትዕግሥት ያሳያቸዋል። ለእኛ ለልጆቹ አንድ ቀን ጫማ ማሠር ያላሳየ ሰው፣ ለማያውቀው ጎረምሳ የበራዱን እጀታ እንዴት እንደሚይዝ አሥር ጊዜ ያሳየዋል።

ዓርብ ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ይለማመዳል። የፈላውን ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጦ ያበርዳል። ቅጠሉን ይለካል። አምስት ስኒ ይደረድራል። ከዚያ ነው ዋናው ነገር፦ ከአንደኛው ስኒ እስከ አምስተኛው ጥቂት ጥቂት ጠብታ ይቀዳል፣ ከአምስተኛው ደግሞ ወደ አንደኛው እየቀዳ ይመለሳል። ዝም ብሎ በተራ ቢቀዳ የመጀመሪያው ሰው ቀጭኑን፣ የመጨረሻው ወፍራሙን ይጠጣል። እንዲህ ሲመላለስ ግን የአምስቱም አንድ ይሆናል። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ በራዱን ይዞ ይጠብቃል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

እናቴ እዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው። አምስት ስኒ ሻይ፣ ከክርኗ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። አባቴ አንዱን ያነሳል፣ ይቀምሳል፣ ጣሳው ውስጥ ይተፋል። የቀሩትን አራቱን ማጠቢያው ውስጥ ይደፋቸዋል። እሷ ተነስታ ስኒዎቹን ታጥባለች። በሳምንቱም እንዲሁ ነው። አንድም ቀን «እንኪ» አላላትም። እኔም አንድም ቀን «ምነው?» አላልኩም። ሁለት ዓመት። ስንት ዓርብ እንደሆነ አስቡት። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት በቤታችን የተማርኩት ዋናው ትምህርት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በፈረንጆቹ ጸደይ፣ ሚያዝያ ገደማ አስተማሪዋ፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እንግዳ እንዲጠራ ፈቀደችለት። በእሷ ግቢ፣ በእሱ እጅ፣ አምስት እንግዳ። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ሰርግ መሰለ። ቅዳሜ ጠዋት «እናትሽም ትመጣለች» አለኝ። እናቴን ሰማያዊውን ቀሚሷን አስለበስኳት፣ ፀጉሯን ራሴ ሠራሁላት። ሁለቱንም ክሬንሾው አደረስኩና ለግማሽ ቀን ሥራ ፓሳዴና ሄድኩ።

ተመልሼ ስገባ ሥርዓቱ ተጀምሯል። ከጥዱ ሥር አምስት ወንዶች በተርታ ተቀምጠዋል፦ ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ የፌርፋክስ ቅመም ሱቅ ባለቤት፣ ሁለት አብረውት የሚማሩ ሰዎች። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ፊታቸው ተንበርክኳል። አዎ፣ ተንበርክኮ። አስተማሪዋ ዳር ላይ በወንበር ተቀምጣለች። እናቴን በዓይኔ ፈለግኩ፤ የለችም።

ወደ ባለሱቁ ጎንበስ ብዬ «እናቴ የት ናት?» አልኩት።

በአገጩ የቤቱን ጀርባ አሳየኝ። «ከኋላ ናቸው። እየረዱ ነው።»

ከኋላ ውሃ የሚሞቅበትና ዕቃ የሚታጠብበት ጠባብ ክፍል አለ። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ያ የታመመ ጉልበቷ እስከ አገጯ ወጥቷል። ጎኗ ሌላ ጃፓናዊት አሮጊት ፎጣ ይዛ ቆማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ስኒ አጥባለሁ። ምን የምሠራ መሰለሽ?»

«እንግዳ አይደለሽም እንዴ?»

«ማን ጠራኝ?»

ያለቅሬታ ነው ያለችው፤ ዝናብ መጣ እንደሚባለው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቢከፋት ኖሮ አባብያት እቀመጥ ነበር። ፈጽሞ ያልጠበቀችው ነገር ስለሆነ አልከፋትም።

ወደ ግቢው እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። አባቴ ሦስተኛው ስኒ ላይ ነበር።

«እናቴ አልደረሳትም» አልኩ፣ ቆሜ።

ቀና አላለም። «ቁጭ በይ። አሁን ጊዜው አይደለም።»

«መቼ ነው ጊዜው? አርባ ዓመት ሙሉ ጊዜው መቼ ነበር?»

«ወይ ቁጭ በይ፣ ወይ ውጪ።» አራተኛው ስኒ ላይ ቀዳ። እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም። ያ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው የጨረሰኝ።

«ለዚህ ሁሉ ወንድ ተንበርክከህ ትቀዳለህ! አንተ! ለእናቴ አንድ ቀን፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድተህላት ታውቃለህ? እሷ ቀድታ የሰጠችህን ፊቷ ላይ ስትተፋ ነው የኖርከው! እዚህ ደግሞ ገረድ አድርገህ አመጣሃት!»

ፊቷ ላይ እንኳ አልነበረም፤ ጣሳ ውስጥ ነበር። ግን ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም፤ ዛሬም ብዙ አይታየኝም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አንቺ ልጅ፣ ኧረ በኢየሱስ ስም» አሉ። ሁለቱ ፈረንጅ ተማሪዎች አማርኛ ባይሰሙም ስኒያቸውን አስቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። አባቴ በራዱን ይዞ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። በዚያ በጣም ተናደድኩ፤ እንዲቆጣልኝ ነበር የፈለግኩት።

እናቴ ከኋላዬ መጣች፣ እጆቿ ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«ማንን ነው አንተ ያልሽው?»

«እማዬ፣ እኔ ላንቺ ብዬ…»

«ማንን ነው አንተ ያልሽው ነው የምልሽ። ውጪ። መኪናሽ ውስጥ ግቢ።»

ወደ እንግዶቹ ዞራ እጅ ነሳች። «ይቅር በሉን፤ ልጅ ናት።» አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር።

መኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ትቻቸው መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ማን ይወስዳቸዋል? ተቆጥቶ በሩን በርግዶ የሚሄድ ሰው መኪና ያልያዘ ሰው መሆን አለበት። በሙቀቱ ላቤ እየወረደ መሪውን ይዤ ጠበቅኩ። በመጨረሻ መጡ። አባቴ ዕቃውን በሣጥን ይዞ ከፊት ተቀመጠ፣ እናቴ ከኋላ። ቀበቶ አሠሩ። ነዳሁ።

ሁለተኛው መብራት ላይ ስንደርስ እናቴ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለች።

«አንቺን? እኔ አንቺን?»

«እኔን። ስኒ ማጠብ ምን ውርደት አለው? ከዚያች ሴትዮ ጋር ቋንቋ ሳይኖረን ስንስቅ ነበር። ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ አስራ እንዴት እንዳሳቀችኝ። እዚያ ተመችቶኝ ነበር።»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር መቀመጥ ነበረብሽ። እንደ ሰው።»

«አልፈልግም» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም ከፍ አላለም። «እሳቸው ፊት ተቀምጬ፣ ስጠጣ አፌን ሲያዩኝ? አልፈልግም። እዚያ ከኋላ ማንም አፌን አያይም።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «ምን አልሽ?» አለ።

«ሰምተዋል» አለችው።

ፌርፋክስ ደረስን። ሱቆቹ ደጅ ላይ ሰው ቆሞ እየሳቀ ያወራል፤ አንዱ እጁን አነሳልን፤ እናቴ ብቻ መለሰችለት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገባ። ሣጥኑን ከፈተ። ውሃ አሞቀ፣ አበረደ። አንድ ስኒ ብቻ አወጣ። ከጓዳው በር ላይ ቆሜ አየሁት። አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ወዲያ ወዲህ ማመላለስ የለም፤ በአንዱ ላይ እስኪያልቅ መቅዳት ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቀ። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ሳሎን ገባና እናቴ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

«ጠጪ» አለ። ይህም ትእዛዝ መሆኑ አልገባውም።

እናቴ ስኒውን አየችው። ከዚያ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ትልቁን ብረት ድስት ጣደች፣ ውሃ ሞላች፣ ከመሳቢያው ቀረፋና ቅርንፉድ አወጣች። መቼ እንደገዛችው አላውቅም። ቤቱን ሽታው ሞላው። እኔ በዕድሜዬ እናቴ በገዛ ቤቷ ያንን ሻይ ስታፈላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ትልቅ ብርጭቆ ቀዳች፤ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ፉት አለች።

የአባቴ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ፊቷ ተቀምጦ ነበር።

«አትጠጪም?» አላት።

«እርስዎ ይጠጡት። እኔ የራሴ አለኝ።»

ብርጭቆዋ ሲጋመስ «ልቅመሰው እስቲ» አለ፣ ወደ ብርጭቆዋ እጁን ዘርግቶ።

ብርጭቆውን ወደ ራሷ ሳበችው። «የሚተፋ ሰው አይቀምሰውም።»

ይህን ብላ ቴሌቪዥን ከፈተች። ጮቤ የረገጥኩ መስሏችሁ ይሆናል። አልረገጥኩም። አባቴ የቀዘቀዘችውን ስኒ አንስቶ ቆሞ ሲጠጣት ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አይቼ፣ እንደገና ተናደድኩ፤ አሁን ደግሞ ስላሳዘነኝ። ሊያሳዝነኝ ምን መብት አለው?

ማክሰኞ ቀን አስተማሪዋ ክሊኒክ ደወለችልኝ። «ጩኸትሽን አልወደድኩትም» ብላ ጀመረች። «ምን እንዳልሽው ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንም አልተረጎመልኝም።»

ሁሉንም ተረጎምኩላት።

«ያቺ ከኋላ የነበረችው ሚስቱ ናት?»

«አዎ።»

«ሄልፐር ነው ያለኝ። ዘመድ መስላኝ ነበር።» ትንፋሿን ሰማሁት፤ እሷም ተናዳለች። «ስሚኝ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከኋላ ለሠሩት ሰዎች ሻይ የሚቀዳው አስተናጋጁ ራሱ ነው። ያ ካልተደረገ ዝግጅቱ አልተጠናቀቀም ማለት ነው። አባትሽ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። አንቺ ስለጮህሽ ደንግጦ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ድሮም አስቦበት እንደማያውቅ ገባኝ።»

«ሶ፣ ምን ይሁን?»

«ለአንድ ዓመት አይቀዳም። መምጣት ከፈለገ ከኋላ ይግባ። ስኒ ይጠብ።»

መልእክቱን እኔ ነኝ ያደረስኩት፤ ቃል በቃል፣ አንድም ሳላለሳልስ። ደስ እያለኝ። አባቴ ከሶፋው ተነሳ። «እኔን? በሙያዬ ሰው የሚንቀጠቀጥልኝን? ስኒ?» ሣጥኑን ቁም ሣጥን አናት ላይ ወረወረው። ሦስት ወር ክሬንሾው የሚባል ስም ቤታችን ውስጥ አልተነሳም። እናቴ ቀረፋዋን ታፈላለች፣ አባቴ የራሱን ሻይ ራሱ ማፍላት ጀመረ፣ ምክንያቱም እሷ ለእሱ ማፍላቱን ተወች። ስትተው አልተናገረችም። አንድ ቀን ብቻ አላቀረበችም፤ በማግሥቱም አላቀረበችም።

በዚያ መካከል አንድ ምሽት ወደ እሱ ሄጄ ቆምኩ። እናቴ ለሳምንታት ስትጨቀጭቀኝ ስለነበረ ነው።

«አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ» አልኩት።

«እሺ።»

«ስለ እሱ ብቻ ነው። ስለሌላው አይደለም።»

ጋዜጣውን አጠፈ። «ስለሌላው አልጠየቅኩሽም» አለ። እኔና አባቴ ከዚህ የሚበልጥ ንግግር ተነጋግረን አናውቅም።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለብሶ አገኘሁት። ሣጥኑን አልያዘም። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ክሬንሾው» አለ። «አልነዳዎትም» አልኩት። ያን ያህል ክፉ ልሆን እንደምችል አላውቅም ነበር። «አልጠየቅኩሽም» አለና ወጣ። አውቶቡስ ቀይሮ ነው የሚሄደው። እዚያ ደርሶ ምን እንደሚያደርግ የነገረችኝ አስተማሪዋ ናት፦ እዚያ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጀማሪዎች የቀዱበትን ስኒ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይደረድራል። ሰው አያናግርም። መጨረሻ ላይ ጀማሪዎቹ ለኋላ ሰዎች ሲቀዱ ወፍራምም ይሁን ቀጭን የሰጡትን ይጠጣል፤ አንድም ቃል አይናገርም። እናቴንም አልፎ አልፎ ከጸሎት እኅቶቿ አንዷ በመኪና ታደርሳታለች፤ ከዚያች ፎጣ ካሠረችው ሴትዮ ጋር ለመሳቅ። ከአባቴ ጋር አብራ ሄዳ አታውቅም። እሱም ሻይ እንደገና አላቀረበላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሰዎች የዚህን ታሪክ መጨረሻ ሲጠይቁኝ «ታረቁ?» ይላሉ። ተጣልተው አያውቁም እኮ። ሰው ለመታረቅ መጀመሪያ መጣላት አለበት፤ እናቴ ያን መብት እንኳ አግኝታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ክረምት በኋላ፣ ጥቅምት ይሁን ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ሥራ ስሄድ ፌርፋክስ ላይ አየሁት። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሟል። እዚህ አገር እምብዛም የማይዘንበው ዝናብ ያን ቀን ይወርድ ነበር፤ ጥላ አልያዘም። ኮቱን በራሱ ላይ ጎትቶ ወደ መንገዱ አንገቱን ያሰግጋል። ክሬንሾው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ዞር ብዬ ባደርሰው ሥራዬ ላይ እደርሳለሁ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። መኪናዬን አወቃት፤ አየሁት እንዳወቃት። እጁን አላነሳም።

አልቆምኩም። አለፍኩት። በመስታወት አላየሁትም።

ክሊኒክ ገብቼ የመጀመሪያው በሽተኛዬ ጉልበቱን የተቀየረ አንድ ሽማግሌ ነበር። እግሩን ይዤ ማጠፍ ጀመርኩ፤ ሰውየው ሲታገስ ቆየና የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ። «ይቅርታ፣ ትንሽ ቀስ ትይልኛለሽ?» አለኝ። እጆቼን አየኋቸው፤ ጣቶቼ ቆዳው ላይ ነጭ ምልክት ሠርተዋል። ለቀቅኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሙቅ ፎጣ ላመጣለት ወጣሁ።